አቀበት የማይወጣው ሞተር

አባቴ ሞተር ያሳብዳል ይባል ነበር። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ምላሴ ብቻ በቀረበት በዚያ ዕድሜዬ፣ ከዚህ የሚበልጥ ሙያ በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። የሌላው ልጅ አባት ያስተምራል፣ ይነግዳል፣ ግድግዳ ይቀባል። የኔው ግን ጤነኛ ሞተር ተረክቦ እብድ አድርጎ ይመልሳል፤ ሰዉም አመስግኖ ይወስዳል።

ሞተር ስል ትልልቁን እንዳይመስላችሁ። አባቴ የሚወደው ትንንሾቹን፣ ባለ ሁለት ምት የሚባሉትን ነው፤ ቤንዚንና ዘይት ደባልቀው የሚጠጡትን፣ ሰማያዊ ጭስ እየተፉ እንደ ተቆጣ ተርብ የሚጮኹትን። ሲሊንደሩን ያወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳዋል። ትንፋሽ የሚገባና የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች በቀጭን ሞረድ ያሰፋል። እፍ ይላል፣ በትንሽ ጣቱ ይዳስሳል፣ ደግሞ ይሞርዳል። የሲሊንደሩን ክዳን መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት እያሸ ይላጨዋል። እኔ ሞተሩ ጠጉሩን የሚስተካከል ይመስለኝ ነበር። "ሞተር እንደ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ትንፋሹ ነው" ይላል አባቴ። ስለዚህ ማንም ሰው ሞተሬ ደከመብኝ ብሎ ቢመጣ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን ይፈታል። ጥቀርሻውን አራግፎ ይገጥመውና "ሂድ፣ ምንም አልሆነም" ብሎ ያሰናብተዋል። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ከኛ ጋራዥ ተነስቶ እስከ ጡብ ፋብሪካው ይሽቀዳደማል፣ እናቶቻቸው ደግሞ አባቴን ይረግማሉ። ዝና ማለት ይኸው ነው።

ከአባቴ ጋር የምትሠራው ታናሽ እህቱ፣ አክስቴ ነበረች። የተፈታውን በቤንዚን የምታጥብ፣ የታጠበውን መልሳ የምትገጥም እሷ ናት። ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት በምንም ሳሙና አይለቅም። አያቴ ያንን ጥፍር ባዩ ቁጥር "ይቺን ደግሞ ማን ያገባታል?" እያሉ ይማረሩ ነበር። አንድ ቀን የሚያገባት ተገኘ። የጣውላ መጋዘኑ ባለቤት ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ አክስቴን በዕድሜ የሚበልጧት፣ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ላይ የሚፈስ ሰውዬ። አያቴ ቃል ሰጡት። አክስቴን የጠየቃት የለም። ምን ተብላ ትጠየቃለች፣ ጥፍሯ ጥቁር ነው።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩም። ሰውየው ወንበሩ ቆዳ የሆነ መኪና አለው። ክረምቱ ሲወጣ ትዳራለች ሲባል፣ ቆዳ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ በርጩማ ላይ መለማመድ ጀመርኩ። አክስቴ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አቀርቅራ ስታለቅስ አየኋት። ሰው በጣም ሲደሰት ያለቅሳል ሲባል ሰምቼ ስለነበር "አይዞሽ፣ እኔም ደስ ብሎኛል" አልኳት። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ቤንዚን ዓይኔ ገብቶ ነው አለች።

አባቴስ ምን አለ? ምንም። ቤቱም ጋራዡም የአያቴ ነው፤ አያቴ ፊት አባቴ ቃል አይተነፍስም። "አባባ ካሉ እንግዲህ" አለና ሞረዱን አነሳ። የሰፈሩን ሞተር ሁሉ የሚያሳብድ ሰው፣ አባቱ ፊት ሲቆም እሳት የሚጭረው ካንዴላው ይረጥባል። እኔም አባቴ እህቱን የሚወድ አይመስልም ብዬ ታዝቤዋለሁ፣ በዚያ ዕድሜዬ የማልታዘበው ነገር አልነበረምና።

በዚያው ሰሞን ነው በኋላ ኤሊ የተባለው ሰውዬ የመጣው። እውነተኛ ሥራው ዳቦ ማደል ነው፤ ከዳቦ ቤት ተረክቦ ለሱቆች ያደርሳል። ቁመቱ በር ያጎነብሰዋል፣ ሞተሩ ግን የጥጃ ያህል ናት፤ ሲነዳት ጉልበቶቹ ጆሮው ጋ ይደርሳሉ። ከኋላው ትልቅ ቅርጫት ታስሯል። "ጋሼ፣ አቀበት አልወጣ አለችኝ። ጉልበት ይጨምሩላት" አለው አባቴን።

አባቴ ፈታት። ሞረደ፣ ላጨ፣ ገጠመ። ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው ሞተሯን እየገፋ ተመለሰ። ካርቡሬተሯን በትልቅ ቀየረላት፤ እየገፋ ተመለሰ። ፒስተኗን ከግርጌው ቆረጠላት፤ እየገፋ ተመለሰ። ጭራሽ ማርሚታዋን ጥሎ፣ ሆዱ ሰፊ አንገቱ ቀጭን የሆነ አዲስ በየደላት፤ ይኼኔማ ከኋላ ልጆች እያገዙት እየገፋ ተመለሰ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። በመጣ ቁጥር ለእኔ አንድ ትኩስ ዳቦ ይሰጠኝ ስለነበር፣ ማታ ማታ ሞተሯ እንዳትድን አጥብቄ እጸልይ ነበር። እንዲህ ቶሎ ቶሎ የተሰማ ጸሎት ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

አክስቴ ግን ሰውየውን ዓይኑን ማየት አትወድም። ገና ከበር ሲያንጎዳጉድ ፊቷን ታጠቁራለች። "ዛሬም መጡ ጌታው? ይቺን ቁርጥራጭ ገደል ቢጨምሯት ምን አለ?" ትለዋለች፤ እሱም አንገቱን ይደፋል። አያቴ ከበር ላይ ወንበራቸው ሆነው ይህን ሲሰሙ፣ ልጃቸው ቁም ነገረኛ ሆነች ብለው ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን ታዲያ ከጎማው ቁልል ጀርባ ስሽሎከሎክ አክስቴ ቀስ ብላ "አንተ፣ ነገም ትመጣለህ?" ስትለው ሰማሁ። ጌታውና እርስዎ ሲባል የከረመ ሰው አንተ ተባለ። አንጀቴን በላው። ሮጬ ለእናቴ፣ አክስቴ ምስኪኑን ዳቦ አዳይ ናቀችው፣ አዋረደችው ብዬ ነገርኳት። እናቴ የምትሰፋውን ጨርቅ አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አታልቅሺ አልኳት። እንዳላለቀሰች የገባኝ ጡት ካወጣሁ በኋላ ነው።

ለአባቴ ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ከጋራዡ በላይ ያለው አቀበት ለሰው ሁሉ ይታያል። አባቴ አሳበድኳት ያላት ሞተር እዚያ አቀበት ግማሽ ላይ ስትደርስ ትቃትታለች፣ ትቆማለች፣ ረጅሙ ሰውዬ ወርዶ ይገፋታል። ኤሊ የሚለውን ስም ያወጡለት አያቴ ናቸው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተን ሞተር ግን እንቁላሉም ቀደማት" ይሉት ነበር አባቴን፣ ደንበኛ እየሰማ። አባቴ ፈገግ ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ወንዝ ማዶ ወዳለው መካኒክ መሄድ ጀመሩ። ያ መካኒክ የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት ለመለየት ማሽተት የሚያስፈልገው ሰው ነበር፣ ግን በሩ ላይ ክንፍ ያላት ሞተር አሥሎ ነበርና ሰው በክንፏ ተማረከ።

ትምህርት ቤት የኤሊ ሐኪም ልጅ ይሉኝ ጀመር። ተደባደብኩ። ያበጠ ከንፈሬን ይዤ ጋራዥ ገባሁና አባቴ ፊት ቆምኩ። "ለምን አትሠራላትም? አትችልም እንዴ?" አልኩት።

አባቴ ሞረዱን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጣት በጣት። "እልኸኛ ሞተር ናት" አለኝ፣ ከዚያም ከንፈሬን በእርጥብ ጨርቅ ያዘልኝ። አባቴ እንደተሸነፈ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ቢያንስ ያወቅኩ የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላማ ለየለት። ማንም ሳይጠይቀው ለዚያች ሞተር ፊትም ኋላም አዲስ ፍሬን ገጠመላት። አያቴ በሳቅ ትን አላቸው። "ለኤሊ ፍሬን! ቁልቁለት ላይ እንዳታመልጥህ ነው?" አሉት። አባቴ የቅርጫቱን መያዣ ደግሞ አውልቆ በወፍራም ብረት ሠራው፤ ከግራና ከቀኝም እግር ማሳረፊያ በየደበት። ለምንድን ነው ሲባል ዳቦ ይከብዳል አለ። ዳቦ እግር እንደሌለው ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም።

የመጋዘኑ ባለቤት የሠርጉን ቀን ሊቆርጥ የሚመጣበት ዕለት ደረሰ። ጠዋት አባቴ የገዛ ሞተር ብስክሌቱን፣ በሰፈሩ የሚቀድመው የሌለውን፣ ሲነካካ አገኘሁት። ከጥግ ካለው ጣሳ ውስጥ ካንዴላ እንዳመጣለት ላከኝ። ጣሳው የሞቱ ካንዴላዎች የሚጣሉበት ነው። የተቃጠሉ ናቸው እኮ ስለው፣ በጣም የጠቆረችውን መርጬ እንዳመጣ፣ ሰው መቆጠብ መልመድ እንዳለበት ነገረኝ። እንደ ከሰል የጠቆረች አንዷን መርጬ ሰጠሁት። ጥሩ ዓይን አለሽ ብሎ አመሰገነኝ። ቀኑን ሙሉ በዓይኔ ስኮራ ዋልኩ።

ከምሳ በኋላ ቆዳ ወንበር ያለው መኪና መጥቶ በር ላይ ቆመ። ሰውየው ከአያቴ ጎን ተቀመጠ፣ ወንበሩም አቃሰተ። ብዙም ሳይቆይ ኤሊው ሞተሯን እየገፋ ብቅ አለ። ቅርጫቱ የለም። ዳቦ አልቆበት ነው ብዬ ከልቤ አዘንኩ። አክስቴ መፍቻ ይዛ ወጣች፤ ሞተሯ አጠገብ ተንበረከከች፤ ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበትን ሁለቱን ብሎኖች ፈታች፤ አንዲት ትንሽ ነገር አውጥታ ኪሷ ከተተች፤ መልሳ አሰረች። አያቴ ለእንግዳው "አየህ፣ ሥራ አታውቅም እንዳትለኝ። እጇ አያርፍም" እያሉ ያሞግሱለት ነበር። አክስቴ ወደ ቤት ገብታ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ ወጣች። ልታጥብ ነው አልኩ። ከዚያ ዳቦው በሚቀመጥበት ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ እግሮቿንም ማሳረፊያው ላይ አደረገች። በልክ የተሠራ ነበር።

ኤሊው የሞተሯን መነሻ ረገጠ።

ያን ድምፅ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ያ ሁሉ የተሞረደ፣ የተላጨ፣ የተቆረጠ ነገር፣ ወራት ሙሉ ታፍኖ የከረመው፣ በአንድ አፍ ጮኸ። የፊት ጎማዋ ከመሬት ተነሳ። የኤሊውን ፊት አየሁት፤ በዕድሜው ከእግረኛ ፈጥኖ የማያውቅ ሰው ፊት ነበር። ኮፍያው እኛ ጋ ቀረች። እሱ አክስቴን ይዞ ሄደ ከማለት ሞተሯ ሁለቱን ይዛ ሄደች ማለት ይሻላል። አቀበቱን አፋችንን ሳንዘጋ ጨረሱት፣ ሰማያዊ ጭስ ብቻ ቀረ። እኔ "ሌባ! አክስቴን ሰረቃት!" ብዬ ጮህኩ። ወገቡን በሁለት እጇ ጨምቃ የያዘችውን ሴት እንዴት እንደሰረቃት የጠየቀኝ የለም።

"ተከተለው!" አሉ አያቴ ምርኩዛቸውን ብድግ አድርገው። አባቴ ወደ ሞተሩ ሮጠ። ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ላቡ እስኪንጠባጠብ ረገጠ። ሞተሩ እንደ በሽተኛ ሳለ፣ ተነሳ፣ እየተንደፋደፈ እስከ መታጠፊያው ሄደና መንገዱ ከሁሉ በሚጠብበት ቦታ፣ አግድም ሆኖ፣ ሞተ። ከኋላ የመጣው ባለ ቆዳ ወንበሩ መኪና ማለፊያ አጣ። ሰውየው ጥሩንባ ነፋ። አባቴ መሪውን ይዞ ይታገላል፣ ሞተሩ አልንቀሳቀስ አለው። እኔ ከኀፍረቴ የተነሳ ቀሚሴን ፊቴ ላይ ገለበጥኩት። በሰፈር ሰው ሁሉ ፊት፣ ኤሊ አመለጠው።

አያቴ ምርኩዛቸውን እንደያዙ ደረሱበት። አባቴ እያለከለከ ቀና አለና፣ ቅር ባለው ፊት እንዲህ አላቸው፦ "አባባ፣ ያቺ ሞተር እኮ አቀበት አትወጣም።"

አያቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ከአክስቴ በኩል እስኪወለድ ድረስ አኮረፉ፤ ከዚያ ልጁን አቅፈው እኔ ያልኩትን ብትሰሙ ኖሮ ይኼ ልጅ ቀድሞ ይወለድ ነበር አሉ። ሰው ምን ይላል? የሰፈሩ ሰው ደግሞ ያን ቀን ያየውን ፍጥነት ለወንዝ ማዶው መካኒክ ሰጠው። ኤሊው በስተመጨረሻ የሚችል ሰው አግኝቶ ነው አሉ። መካኒኩም እኔ አይደለሁም አላለም፤ እውነተኛ ሰው ስለሆነ አዎም አላለም፣ ክንፍ ያላትን ሞተር ብቻ በአዲስ ቀለም አሳደሳት።

አክስቴና ባሏ ዛሬ በሌላ ከተማ የራሳቸው ዳቦ ቤት አላቸው። በመጡ ቁጥር ያቺን ታሪክ ካልተረከች እንጀራዋ አይወርድላትም። ቀዳዳዋ የአተር ፍሬ የምታህል ሮንዴላ፣ አንዲት ቀጭን ክብ ብረት፣ አባቴ መጀመሪያ ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ማርሚታው አንገት ውስጥ እሷ ራሷ ሸጉጣ ነበር። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሯ ትታፈናለች፤ ስትታፈን አቀበት አትወጣም፤ አቀበት ካልወጣች ኤሊው ይመጣል። "ይኼ ወንድሜ እኮ ሞኝ ነው!" ትላለች እንባዋ እስኪፈስ እየሳቀች። "ስንት ወር ሙሉ ሲሞርድ፣ አንዲት ሮንዴላ አታለለችው!" ኤሊው ይስቃል፣ እናቴ ወደ መስኮቱ ታያለች፣ አባቴ ዳቦውን ያኝካል። እኔም ከሁሉ በላይ እስቅ ነበር።

ጋራዡ አሁን የኔ ነው። አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሞረዱን ሰጠኝ። እንደዚያች ያለች ትንሽ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዬ ስፈታ፣ የክዳኑን ብሎኖች ፈትቼ ሲሊንደሩን ወደ ላይ ሳብኩ። እምቢ አለኝ። ደግሜ ሳብኩ። ጎንበስ ብዬ ባይ ማርሚታው ይዞታል። ማርሚታውን ከአንገቱ ሳይፈቱ ያ ሲሊንደር አይወጣም፣ ያለዚያ የሚወጣበት መንገድ የለም። መፍቻውን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ሲሊንደሩን ባወጣ ቁጥር ያቺ ሮንዴላ መዳፉ ላይ ወድቃለች። ሥራውን ሲጨርስ፣ መግጠሙን ለአክስቴ ሳይተው፣ በገዛ እጁ፣ መልሶ ቦታዋ አድርጓታል። አዲሱን ማርሚታ ሲበይድላት እንኳ ከአሮጌው አንገት አውጥቶ ወደ አዲሱ አዛውሯታል። ዓለም ሁሉ አይችልም እያለው፣ እኔም ፊቱ ቆሜ አትችልም እንዴ እያልኩት።

ወጣሁ። አባቴ በር ላይ፣ በአያቴ ወንበር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። እጄን እንኳ አልታጠብኩም።

"አባዬ፣ የአክስቴን ባል ሞተር ሲሊንደሯን የምታወጣው ማርሚታዋን ሳትፈታ ነበር?"

ወደ መንገዱ ዞረ። "አክስትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ሆድ ይፍጀው እንግዲህ። ወንድሜን አታለልኩት ብላ ስንት ዓመት ስቃለች። ሳቋን አትቀሚያት።"

ለምን ራሱ ያኔ ሮንዴላዋን አውጥቶ እንዳልተገላገለ ጠየቅኩት። ኤሊ ሆና ባትቆይ ኖሮ አያትሽ ከበራቸው ያስደርሷት ነበር ወይ አለኝ። የሚስቁበትን ነገር ሰው አይጠረጥረውም። እኔ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም። ስሙ ጠፍቷል፣ ደንበኛው ሄዷል፣ ክንፍ የሣለው ሰውዬ ምንም ሳይሠራ ስመ ጥር ሆኗል። ይኼን ሁሉ ዘረገፍኩለት። "ይሁንለት" አለ፣ የሰው ጉዳይ የነገርኩት ይመስል።

ልነሳ ስል ክንዴን ያዘኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚሰማን ግን አልነበረም።

"ያን ቀን አንቺ በር ላይ ነበርሽ አይደል? ድምፁን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እኔ እኮ የራሴን ስረግጥ በቅጡ አልሰማሁትም" አለ። "እንዴት ነበር?"

ትልቅ ሴት ነኝ፣ የጋራዥ ባለቤት ነኝ፣ ደንበኛ ይጠብቀኛል። በር ላይ ቆሜ፣ መንገደኛ እያየኝ፣ በአፌ ጮህኩለት። ከታች ጀመርኩ፣ ኤሊው ከረገጠበት፤ የፊት ጎማዋ የተነሳችበት ላይ ቀጠን አደረግኩት፤ ከዚያ እስትንፋሴ እስኪያልቅ ወደ ላይ ወሰድኩት። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ።

"አቀበቱ ላይ አልደከመችም?" አለኝ።

"አልደከመችም፣ አባዬ" አልኩት።